ከአዌቱ ድልድይ

ጅማ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ሦስት ዓመት ዝም ያልኩሽ ረስቼሽ አይደለም። እናቴን አስታምሜ ከቀበርኩ በኋላ ብዕር ማንሳት ከበደኝ። ለቅሶ አለመድረስሽን አንድም ቀን አልተቀየምኩም፤ ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።

ትናንት ዝናቡ እንዳባራ አዌቱ ድልድይ ላይ ቆምኩ። በልጅነታችን እግራችንን የምንታጠብበት ዳርቻ በሃይላንድና በፌስታል ተሸፍኗል። አንድም የለስላሳ ጠርሙስ ግን አላየሁም። እናቴ ባዶውን ጠርሙስ አጥባ፣ በሳጥኑ ደርድራ ወደ ሱቅ ስትልክሽ ታስታውሻለሽ? መያዣ የተከፈለበት ስለሆነ አንዱ ቢሰበር እንኳ ታዝን ነበር። ሃይላንዱ ግን መያዣ የለውም፤ ወንዝ ይገባል።

ይህን የምጽፍልሽ በሰፈራችን የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ስለሚያንገበግበኝ ነው። አንድ ፕሮጀክት በድጎማ ለየቤቱ ሁለት ሁለት ባልዲ አደለን፤ አንዱ ለሚበሰብስ፣ አንዱ ለፕላስቲክ። የሚሰበስቡትን ወጣቶች ደመወዝም ይከፍል ነበር። የዘይቱን ጀሪካን ሳይቀር አጥቤ ለየሁ። ዓመት ሳይሞላ ገንዘቡ አለቀ። አንድ ጠዋት የሁለቱን ባልዲ ቆሻሻ ዓይኔ እያየ አንድ ጋሪ ላይ ገለበጡት። ዛሬ ባልዲዎቹ ውሃ ይጠራቀምባቸዋል።

መጀመሪያ በልጆቹ ተቆጣሁ። ኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። የተደጎመው ባልዲው እንጂ የተለየው ፕላስቲክ አይደለም። ሃይላንድ በማዳበሪያ ከረጢት ሲሞላ ቦታ ይይዛል እንጂ አይመዝንም፤ አዲስ አበባ ላለው ገዢ ለማድረስ የመኪናው ኪራይ ትርፉን ይበላዋል። ፕላስቲክ ከነዳጅ ስለሚሠራ ደግሞ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ አዲሱ ይረክሳል፣ ያገለገለውን የሚፈልግ ይጠፋል። ድጎማው መግባት የነበረበት እዚህ ላይ ነው፤ ለይተው ላስረከቡት ለእያንዳንዱ ኪሎ፣ ዋጋ በወደቀበት ወር ጭምር። ቆራሌው ያለ ማንም ስብከት በየደጃፉ የሚዞረው የሚገዛው ስላለ ነው።

ሕግማ አለን። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በ1999 ዓ.ም. ሲወጣ ቆሻሻን መለየት የቤተሰብ ግዴታ ሆኗል። ለይተን ለማን እንስጥ?

ከቤታችን የሚወጣው ደግሞ አብዛኛው ፕላስቲክ አይደለም፤ ልጣጭ ነው፣ አተላ ነው፣ አመድ ነው፣ ገራባ ነው። መንግሥት ከውጭ ለሚገባ ማዳበሪያ ብዙ ቢሊዮን ብር ደጉሟል፤ ለገበሬው ተገቢ ነው፣ አልቃወምም። ግን ከዚያው ብር ጥቂቱ ከዚህ ከሚበሰብሰው ቆሻሻ ኮምፖስት፣ ማለትም የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ ለሚያዘጋጁ ማኅበራት ቢደርስ ገራባው ቦይ ባልደፈነ ነበር። እኔ በጓሮዬ ጀምሬዋለሁ። ጉድጓዱን ስከፍተው እንፋሎት ይወጣል፤ አፈሩ ጥቁር ነው፣ እንደ ጫካ ይሸታል። የእናቴ እንሰት ዘንድሮ እንዴት እንደሰፋ ብታይው!

አንቺስ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ለፋሲካ ከመጣሽ እኔ ዘንድ እረፊ። የእናቴ የጠርሙስ ሳጥን ጓዳ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ብቻዬን ልመልሰው አልቻልኩም። አብረን እንመልሰዋለን።

የዘወትር ጓደኛሽ