ብቅሉ ሲነሳ ልምምድ ይጀመራል፦ ለጎንደር ታዳጊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች የድጋፍ ጥሪ

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳችን ላይ ቀድሞ የሚደርሰው ብቅል ነው። አንዲት የሰፈራችን እናት የጠላ ብቅላቸውን የሚያሰጡት እዚያው የቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ ነው። ሲሚንቶው ቶሎ ይሞቃላ። እኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ እንደርሳለን። "ትንሽ ታገሱኝ ልጆቼ፣ ገና እርጥብ ነው" ይሉናል። እንታገሳለን። ልጆቹ ዳር ዳሩን እየሮጡ ሰውነታቸውን ያሟሙቃሉ። ከዚያ ሁላችንም ተጋግዘን ብቅሉን ወደ ጆንያ እንመልሳለን፤ ልምምድም ይጀመራል።

መጀመሪያ ላይ ተጨቃጭቀን ነበር። አሁን ግን እትዬ ልምምድ ሲያልቅ ቆሎ ይዘው ይጠብቁናል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ለጋሻችን እሳቸው ናቸው። ይህን የምጽፈው ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ፍለጋ ነው።

እኛ ስድስት ሰዎች ነን። ሁላችንም ጎንደር ውስጥ በትምህርት ቤት ደረጃ ተጫውተናል። ሁለቱ መምህራን ናቸው፣ አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ ሱቅ አለው። እኔ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ከ9 እስከ 16 ዓመት የሆናቸውን 41 ልጆች እያሠለጠንን ነው። 18ቱ ሴቶች ናቸው። ከፒያሳ፣ ከማራኪ፣ ከቀበሌ 18 ይመጣሉ። ከአዘዞ ድረስ የምትመጣም አለችን፤ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ታክሲ ካልተገኘ ደግሞ አስቡት።

ያለን ንብረት አምስት ኳስ ነው። ሁለቱ ነፋስ አይዙም። ቀለበቶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ አንገቱን ደፍቷል። መረብ የለንም። መረብ ጌጥ የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ቅዳሜ መጥቶ "ገብቷል! አልገባም!" የሚለውን ክርክር ይዳኝልን።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ኳሶቹ በሙሉ ቁጥር 7 ናቸው። ቁጥር 7 የአዋቂ ወንዶች ኳስ ነው፤ 600 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሴቶች የሚጫወቱት በቁጥር 6 ነው። ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሆነው ቁጥር 5 ነው። ቀለበቱም እንደዚሁ ነው። ለአዋቂ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሰቀላል፣ ለትንንሾቹ ወደ 2 ሜትር ከ60 ይወርዳል።

አሁን የ10 ዓመት ልጅ ቁጥር 7 ኳስ ይዞ የአዋቂ ቀለበት ሥር አቁሙት። ጉልበቱ አይደርስም። ስለዚህ ኳሱን ከወገቡ አንስቶ እንደ ድንጋይ ያሽቀነጥረዋል። አንዳንዴ ይገባለታል፣ ይጨበጨብለታል። በዚያው አወራወሩ እጁ ላይ ይደርቃል። 15 ዓመት ሲሞላው ያንን ማረም የሚጽፍበትን እጅ ከማስቀየር አይተናነስም። ሞክሬ ስላየሁት ነው። ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ደግሞ ትንሽ ኳስ ከማጣት ነው።

ብዙ ሰው ሜዳ ዳር ቆሞ "ያ ረጅሙ ልጅ ጎበዝ ይወጣዋል" ይላል። ቁመት ይጠቅማል፣ አልክድም። ግን ሴቶች ልጆች ቁመታቸው በፍጥነት የሚጨምረው 12 ዓመት ግድም ነው፣ ወንዶች ደግሞ 14 ግድም። ያውም አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ። በ13 ዓመታቸው አሰልፈን ብንመርጥ የምንመርጠው ቀድሞ ያደገውን ነው። ዘንድሮ ያጠረው ከርሞ የቤቱን በር ጎንበስ ብሎ ሊገባ ይችላል። እኛ የምናየው ሌላ ሌላውን ነው። ኳስ እያነጠረ ቀና ብሎ ያያል ወይ? ሩጦ ሲቆም እግሩ ይረጋል? ኳስ ሲነጠቅ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል ወይስ ለመከላከል ወደ ኋላ ይሮጣል? ከመካከላቸው አንዲት የ11 ዓመት ልጅ አለች። ከሁሉም ታጥራለች፣ ነገር ግን ኳሱ ከእጇ ሲወጣ የሚሄደው ማንም ያላየው ልጅ ጋ ነው። ይቺን ማጣት አልፈልግም።

ለምን እንደማልፈልግ ልንገራችሁ። በ15 ዓመቴ ለውድድር ተመርጬ ነበር። ልምምዱ በየቀኑ ነበር፣ አንዳንዴም በቀን ሁለቴ። ከጉልበቴ ሎሚ በታች ያለው አጥንት አብጦ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ለሚያሠለጥነን ሰው ስነግረው "ቻይው፣ ስፖርተኛ አይደለሽ?" አለኝ። ቻልኩት። ውድድሩ አለቀ። ማልያ መልሱ ተባልን፣ መለስን። "እንጠራችኋለን" ተባልን። ሁለት ዓመት ጠበቅኩ፤ ማንም አልጠራኝም። አብረውኝ ከተመረጡት ልጆች በኋላ ላይ በጨዋታው የገፋችበት አንዲት እንኳ አላውቅም።

ያ ሕመም ምን እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። በፍጥነት እያደጉ ብዙ የሚዘሉ ልጆች ላይ በጣም የተለመደ ነው። የጉልበት ጅማቱ ገና ያልጠነከረውን አጥንት ይጎትተዋል። ዝላዩን ቀነስ አድርጎ ማሳረፍ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። አሁን ፋርማሲው ውስጥ ቆሜ የማስታገሻ ቅባት ሊገዛ የሚመጣ ታዳጊ ሳይ "የት ነው የምትጫወተው? በሳምንት ስንት ቀን?" ብዬ መጠየቄ አይቀርም። የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል።

ስለዚህ ኮሚቴው ውስጥ "መጀመሪያ ሜዳው ይታደስ" ሲባል እኔ አልስማማም አልኩ። ሜዳ ያለ አሰልጣኝ ብቅል ማስጫ ነው አልኳቸው። ሳቁ፣ ግን ተስማሙ። የምትሰጡን ብር መጀመሪያ የሚውለው ለሰው ነው። ሦስት አሰልጣኞች አሉን። ሦስቱም እስካሁን ከኪሳቸው እያወጡ ነው የሚመላለሱት። ለእያንዳንዳቸው በወር 4,000 ብር የትራንስፖርትና የምሳ ድጎማ ብንችል ለአንድ ዓመት 144,000 ብር ይሆናል። ደመወዝ አይባልም። ግን ሰው ሳይሰለች እንዲቆይ ያደርጋል። ልጅ ከ9 ዓመቱ እስከ 16 ዓመቱ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ። ከሦስቱ አንዷ ሴት ናት፣ ሁለተኛም እንፈልጋለን። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል አለው፤ ከዚያ የተመረቃችሁ ወይም እየተማራችሁ ያላችሁ፣ በሳምንት ሁለት ጠዋት ብትሰጡን ከብር አይተናነስም።

ዕቅዱ የተወሳሰበ አይደለም። ትንንሾቹ በሳምንት ሁለት ቀን በቁጥር 5 ኳስ ይጫወታሉ። "ይጫወታሉ" ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ድሪብል፣ ፓስ፣ መቆም፣ መዞር፣ ሁሉንም በጨዋታ። እግር ኳስም ሩጫም ቢደርቡ ደስ ይለናል። ከ14 ዓመት በፊት አንድ ስፖርት ላይ ብቻ ማሰር አይመከርም። ከ13 ዓመት በላይ ያሉት ሦስት ቀን ይሠራሉ፤ ዘለው ሲያርፉ ጉልበታቸውን እንዴት እንደሚያጥፉ በደንብ እናስተምራቸዋለን። በተለይ ሴቶቹን፤ የጉልበት ጅማት መበጠስ እነሱን የበለጠ ያጠቃል። በሳምንት የሚሠሩት ሰዓት ከዕድሜያቸው ቁጥር አያልፍም። በየሦስት ወሩ ግድግዳ ላይ ቁመታቸውን እናሰምራለን። ይህን ከጨዋታው በላይ ይወዱታል። ለእኛ ግን ማን በፍጥነት እያደገ እንደሆነና ማን ማረፍ እንዳለበት የምናይበት ነው።

በትምህርት ውጤቱ ዝቅ ያለውን ልጅ ከልምምድ እናባርር የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል። እኔ አልደግፍም። አንዱን ልጅ ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው። ይልቅ መምህራኖቻችን ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ አንድ ሰዓት ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠኗቸዋል፣ የእትዬን ቆሎ እየቆረጠሙ።

ከ16 በኋላስ? የትምህርት ቤቶች ውድድር አለ፣ የክለብ ሙከራ አለ፣ አዲስ አበባ ያለው የስፖርት አካዳሚ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሦስት ለሦስት የሚባለውም አለ። አንድ ቀለበትና 15 በ11 ሜትር ሜዳ ይበቃዋል፤ ጨዋታው 10 ደቂቃ ነው፣ ቀድሞ 21 ነጥብ የደረሰም ያሸንፋል። ከቶኪዮ ወዲህ ኦሊምፒክ ውስጥ ገብቷል። አንድ ደህና ቀለበት ብቻ ላለው እንደ እኛ ላለ ቡድን ታስቦ የተሠራ ይመስላል። መጫወት የማይቀናው ደግሞ ዳኛ ወይም አሰልጣኝ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ይጎድሉናል።

አንዳንድ ወላጅ ስለ ኤን.ቢ.ኤ.፣ ስለ አሜሪካው ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ይጠይቀናል። ኤን.ቢ.ኤ. እናስገባለን የሚል ሰው ከመጣባችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ሽሹ። ግን መንገዱ ሕልም ብቻ እንዳልሆነ ጎረቤት አይተናል። ደቡብ ሱዳን ቤት ውስጥ የሚሠለጠንበት ሜዳ ሳይኖራት በ2024 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ፖርቶ ሪኮን አሸንፋለች። ካማን ማሉዋች የሚባለው ልጃቸው ኡጋንዳ አድጎ፣ ሴኔጋል ባለው የኤን.ቢ.ኤ. አካዳሚ ሠልጥኖ፣ አሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ በ2025 እ.ኤ.አ. ወደ ኤን.ቢ.ኤ. ለመግባት 10ኛ ሆኖ ተመርጧል። እኔ የማየው ቁመቱን አይደለም። በየጣቢያው ተቀብሎ ለሚቀጥለው ያሻገረው ሰው መኖሩን ነው። እኔ በ15 ዓመቴ ያጣሁት ያንን ሰው ነው።

አሁን ወደ ፍላጎታችን። ኳስ፦ ቁጥር 5 አሥር፣ ቁጥር 6 ስምንት፣ ቁጥር 7 አራት። የጎማ ይሁን፤ ሲሚንቶ ላይ የቆዳው ቶሎ ይላጣል። ውጭ አገር ያላችሁ የጎንደር ልጆች ለፋሲካ ስትመጡ ነፋሱን አውጥታችሁ ብታጣጥፉት ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። መንፊያና መርፌውን አትርሱ። መረብ አራት። ከፍ ዝቅ የሚል ቀለበት አንድ፤ እዚሁ ከተማ ያለ ብረት በያጅ ሊሠራው ይችላል፣ የሚፈልገው ብረቱን ብቻ ነው።

ጫማ። ይህ ለብቻው ወግ ነው። 46 ቁጥር የሚያደርግ የ15 ዓመት ልጅ አለን። ሳልባጅ ተራ ስንት ቅዳሜ ዞረንለታል። በመጨረሻ ያገኘነው 44 ነበር፣ ጣቱ ጋ ቀዶ ይጫወትበታል። ትልልቅ እግር ያላችሁ ሰዎች፣ ያገለገለም ቢሆን ሶሉ ያልተላጠ ጫማ ካላችሁ እባካችሁ። የተቀደደ ግን አትላኩልን፤ እሱን እኛም አናጣም።

ሲሚንቶውን በብር አላሰላነውም፤ ዋጋው ጠዋትና ማታ ስለሚለያይ ዝም ብዬ በኩንታል ልንገራችሁ። ሙሉ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው፣ ዙሪያውን 2 ሜትር ሲጨመርበት 608 ካሬ። መሐንዲስ ወዳጃችን በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አስልቶ 106 ኩንታል ይፈጃል አለን። ለጊዜው የምንፈልገው ግማሹን ነው፣ 53 ኩንታል። የቀረው ግማሽ ለብቅሉ ይቆይ።

አንድ የገንዘብ ያልሆነ ጥያቄም አለን። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሜዳውን ይወስደዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ያሠራናቸው ልጆች ይበተናሉ። ይህ ጨዋታ ራሱ የተወለደው ከአየር ጠባይ ለማምለጥ ነው። በ1891 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል መምህር፣ ክረምት ከቤት ያላስወጣቸውን ተማሪዎች የሚያጫውትበት ነገር ቢያጣ አዳራሽ ውስጥ የኮክ ቅርጫት ሰቀለ። እኛም አዳራሽ ነው የምንፈልገው። ትምህርት ቤት፣ ኮሌጅ፣ ወይም ባዶ መጋዘን ያላችሁ፣ በክረምት በሳምንት ሦስት ጠዋት ብትፈቅዱልን ጠርገን እንገባለን፣ ጠርገን እንወጣለን።

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ይህች ከተማ ምን እንደሆነች ሁላችንም እናስታውሳለን። ለዐፄዎቹ ከሚጮኸው ድምፅ ላይ ሽርፍራፊው ለእነዚህ ልጆች ቢደርስ እኔ ሌላ አልጠይቅም።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ የባንክ ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ አንዷ ከወላጆች የተመረጠች ናት። ደረሰኝ ለሁሉም ይሰጣል። የገባውና የወጣው በየወሩ መጨረሻ ሜዳው አጥር ላይ ይለጠፋል። ውጭ ላላችሁም ፎቶውን እንልካለን። የልጆቹን ፎቶ ግን ገንዘብ ለመለመኛ አናወጣም፤ በዚህ የተቀየመን ሰው አለ፣ ይቀየመን። ማንኛውም ልምምድ ላይ ሁለት አዋቂዎች ይኖራሉ፤ ወላጅ በፈለገው ሰዓት መጥቶ ማየት ይችላል።

ኳስና ጫማውን እስከ ፋሲካ፣ ሲሚንቶውን እስከ ግንቦት 15 ድረስ ብናገኝ ከዝናቡ እንቀድማለን። የሒሳብ ቁጥሩን ከእኛ ከስድስታችን ከአንዳችን መውሰድ ትችላላችሁ። ካላወቃችሁን ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ኑ። መሬት ላይ ብቅል ተሰጥቶ ዳር ዳሩን ልጆች ሲሮጡ ካያችሁ ደርሳችኋል። ጆንያውን የሚይዝልን ሰውም ሁልጊዜ ይጎድለናል።