ከሰኞ ጀምሮ የእግር ጉዟችን ይቀጥላል

ሰላም ውድ አባላት፣

ከበዓሉ በኋላ ቀስ ብለን ወደ ቀድሞው ልማዳችን እንድንመለስ የቡድኑ የእግር ጉዞ ከመጪው ሰኞ ይጀምራል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ 12:30 በተለመደው መነሻችን እንገናኝ። የመጀመሪያው ሳምንት 30 ደቂቃ ብቻ ነው፤ እያወሩ መሄድ በሚያስችል ፍጥነት። ምቹ ጫማና የመጠጥ ውሃ ያዙ። የኪሎ ወሬ ግን ቤት ይቅር።

እስከዚያው ሚዛን ላይ ባትወጡ ይሻላል። በሁለት ሦስት ቀን የጨመረው ክብደት አብዛኛው ስብ አይደለም። ጨው ውሃ ይይዛል፤ በጡንቻና በጉበት የሚከማቸው ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ክምችትም በየግራሙ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ወደ መደበኛው አመጋገብ ስትመለሱ ውሃው በራሱ ጊዜ ይወጣል።

ለማካካስ ብሎ ቁርስና ምሳ መዝለል አያዋጣም። ማታ ላይ ረሃቡ ይጠናና ከታሰበው በላይ ያስበላል፤ ከዚያ ጸጸት፣ በማግስቱ ደግሞ እንደገና መዝለል። ይልቅ ቀጣዩን ምግብ በሰዓቱ ብሉ፦ የሳህኑ ግማሽ አትክልት፣ ሩቡ ፕሮቲን፣ ሩቡ እህል። ከራት በኋላ 10 ደቂቃ መራመድ የደም ስኳር እንዳያሻቅብ ይረዳል። የተረፈውን ጣፋጭ ከዓይን ራቅ አድርጉት፣ መጣል አያስፈልግም።

ኢንሱሊን ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ።

የምትመጡ እስከ ቅዳሜ ማታ «እመጣለሁ» ብላችሁ እዚሁ ጻፉልን። ጠዋት የማይመቻችሁ «ማታ» በሉ፤ 5 ሰው ከተገኘ ከቀኑ 11:30 ሁለተኛ ቡድን እንከፍታለን።