የካዚኖው ብር ይጨመራል ወይስ ይተካል?

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ፣ ታይሰንስ ላይ ካዚኖ (የቁማር ቤት) ይከፈት የሚለው ጉዳይ ሪችመንድ ላለው የስቴቱ ምክር ቤት በቀረበ ቁጥር እኛም ዘንድ ክርክሩ ይጦፋል። በቅድሚያ ራሴን ላጋልጥ፣ ሎተሪ እቆርጣለሁ። ስለዚህ ቁማር ኃጢአት ነው ብዬ ልሰብክ አልመጣሁም፣ ለሱ ሌላ ሰው አይጠፋም።

የደጋፊዎቹ ነገር ቀላል ነው። የቨርጂኒያ ሰው ድልድዩን ተሻግሮ ሜሪላንድ፣ ናሽናል ሀርበር ያለው ካዚኖ ድረስ ሄዶ ብሩን ጥሎ ይመጣል፣ ታክሱን እነሱ ይበሉታል፣ ስለዚህ እዚሁ ይጫወትና ታክሱ ለልጆቻችን ትምህርት ቤት ይዋል ነው የሚሉት። ጥሩ። ግን የሜሪላንድን ነገር ካነሳን እስከ መጨረሻው እናንሳው።

እዚያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ስሎት ማሽን (የቁማር ማሽን) በሕዝብ ድምፅ ሲፈቀድ፣ በ2012 ደግሞ የጠረጴዛው ቁማር ሲጨመር፣ ገንዘቡ ለትምህርት ነው ተብሎ ነበር። ገንዘቡም ገባ፣ አልዋሹም። ነገር ግን የካዚኖው ብር በአንድ በር ወደ ትምህርት ሲገባ፣ ድሮ ከመደበኛው በጀት ለትምህርት ይሄድ ከነበረው ላይ በሌላ በር እየወጣ ለሌላ ነገር ዋለ። በ2018 ሕዝቡ እንደገና ድምፅ ሰጥቶ፣ የካዚኖ ገቢ በነበረው በጀት ላይ ይጨመር እንጂ አይተካው ብሎ ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ። አሥር ዓመት ፈጀ እኮ!

እኛ ግን ይህን ከጎረቤት በነፃ መማር ስንችል፣ አሁንም «ለትምህርት ነው» ሲባል ጭንቅላታችንን እንነቀንቃለን።

ሌላም አለ። በ2020 የወጣው የቨርጂኒያ ሕግ ካዚኖ የፈቀደው ለአምስት ከተሞች ነበር፣ ምክንያቱም የተዳከመ ኢኮኖሚያቸውን ለማንሳት ነው የተባለው። ፌርፋክስ በአገሪቱ ሀብታም ከሚባሉት ካውንቲዎች አንዱ ነው፣ ምኑ ነው የሚነሳው? በዚያው ሕግ ከካዚኖ ታክስ ለቁማር ሱስ ሕክምናና ድጋፍ የተመደበው 0.8 በመቶ ብቻ ነው። ከመቶ ዶላር ታክስ 80 ሳንቲም ማለት ነው። በዚህ ስንቱን ሰው ሊያክሙ ነው?

ቦታው ደግሞ ሲልቨር ላይን ከሚባለው የሜትሮ ባቡር መስመር ጣቢያ አጠገብ እንዲሆን ነው የታሰበው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ናሽናል ሀርበር ለመሄድ ሰው ያስባል፣ መኪና ያስነሳል፣ ምናልባት መንገድ ላይ ሐሳቡን ይቀይራል። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ በሜትሮ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ግን ደሞዙን እንደያዘ በሩ ላይ ነው የሚወርደው።

ውሳኔው የሕዝብ መሆኑ ጥሩ ነው። ካዚኖ ከተፈቀደላቸው አምስቱ አንዷ የሆነችው የሪችመንድ ከተማ በ2021 በሕዝብ ድምፅ ለጥቂት እምቢ አለች፣ በ2023 እንደገና ሲጠይቋት በሰፊ ልዩነት እምቢ አለች፣ ዕድሉም ወደ ፒተርስበርግ ከተማ ሄደ። እዚያ ሕዝቡ በ2024 እሺ አለ፣ መብቱ ነው።

እኛ ጋ ድምፅ ፍለጋ የሚመጣ ተመራጭ ካለ ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ይጨመራል ወይስ ይተካል? በአፍ ሳይሆን በሕጉ ላይ ተጽፎ ያሳየኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ሜትሮው እንከራከራለን።

ከፌርፋክስ ካውንቲ፣ አንባቢያችሁ