እማዬ ስለዛ አይንሽ ልጠይቅሽ

እማዬ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለፈው ስንደዋወል ደረጃ ስወርድ ይጠዘጥዘኛል አልሽና ወዲያው ወሬ ቀየርሽብኝ። ክኒኑን በባዶ ሆድሽ እንዳትወስጂው፣ ጨጓራሽን ይነካሻል። እኛ ደህና ነን። ሚጡ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ቁርጥ አንቺን ሆናለች፣ ማሙሽም ቁመቱ ትከሻዬን አልፏል፣ ሒሳቡ ጥሩ ነው ንባብ ግን እምቢ ብሎኛል፣ በድምፅ የላክሽላቸውን ተረት ማታ ማታ ሳይሰሙ አይተኙም፣ እባክሽ ሌላ ቅጂላቸው።

ይኸው ስለልጆቹ እያወራሁ ዋናውን እየሸሸሁት ነው።

ስልክ ላይ ድምፄን ሰምተሽ ምን ሆነሻል ስትይኝ ድካም ነው የምልሽ ድካም አይደለም። ያዞረኛል እማዬ። ተቀምጬም ቆሜም፣ ጠዋት አይኔን ስገልጥም፣ ልክ ጀልባ ላይ እንደቆመ ሰው ከስሬ ያለው ነገር ይወዛወዝብኛል። ኮሪደር ላይ ስሄድ ልጆቹ እንዳያዩ በእጄ ጀርባ ግድግዳውን እየነካሁ ነው፣ ፀጉሬን ስታጠብ ደግሞ አይኔን ከጨፈንኩ ወደ ግራ ስለምወድቅ አንድ እጄ ሁሌ ግድግዳው ላይ ነው፣ በአንድ እጅ መታጠብ ለምጃለሁ።

መጀመሪያ ደም ማነስ ነው ተባለ፣ ደሜ ታይቶ ደህና ሆነ፣ ታይሮይዱም ስኳሩም ደህና። ግፊቴን ተኝቼም ቆሜም ለኩት፣ ስቆም አይወርድም። አንዱ ሐኪም ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ ጭንቀት ነው አለኝ፣ ያን ቀን መንገድ ላይ አልቅሻለሁ። የጆሮ ሐኪሙ ግን ጎበዝ ነበር፣ አልጋ ላይ አስቀምጦኝ ጭንቅላቴን ወደ ጎን አዞረና በአንዴ ወደኋላ አስተኝቶ አይኔን ትክ ብሎ አየ። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ፣ ከቦታቸው ሲወጡ ሰውን ያዞራሉ፣ የኔም ችግር እሱ ቢሆን ሐኪሙ እዛው ጭንቅላቴን አዟዙሮ ይመልሳቸው ነበር፣ ምነው እሱ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ያኛው ግን ስትገለበጪ ለጥቂት ሰከንድ መጥቶ የሚሄድ ነው፣ የኔ ቀኑን ሙሉ ነው። ይሄ የጆሮ አይመስለኝም ብሎ ወደ ነርቭ ሐኪም ላከኝ።

እሷ ተረከዜን ከጣቴ እያጋጠምኩ በአንድ መስመር እንድራመድ አደረገችኝ፣ አልቻልኩም። አንገትሽን ስታጎነብሺ የሚሰማሽ ነገር አለ ወይ አለችኝ፣ አለ፣ ኤሌክትሪክ የሚመስል ነገር በጀርባዬ ሽው ብሎ እስከ እግሬ ይወርዳል፣ እኔ ትራሱ አልተመቸኝም ብዬ ነበር የተውኩት። ከዛ ኤምአርአይ ተነሳሁና አንጎሌ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ታዩ። መልቲፕል ስክለሮሲስ ሊሆን ይችላል አለችኝ። ኤምኤስ ይሉታል ባጭሩ። ሰውነት በሽታ እንዲከላከል የተሰጠው ሠራዊት ተሳስቶ የራሱን የአንጎልና የአከርካሪ ነርቮች ሽፋን ይበላል፣ ሽፋኑ ሲጎዳ መልእክቱ ይዘገያል ወይ ይቋረጣል፣ ሚዛን የሚጠብቀው ቦታ ላይ ከሆነ ደግሞ ያዞራል።

ገና አልተረጋገጠም። ነጥቦቹ ከማይግሬንም ከግፊትም ሊመጡ ይችላሉ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ኤምኤስ ሊመስል ይችላል አለችኝ፣ ስለዚህ እሱንም እያዩት ነው። አንገቴን ደግሞ በኤምአርአይ ያዩታል፣ ከጀርባዬም ፈሳሽ ይወስዳሉ። ስሙን ስሰማ ግን የታየኝ ዊልቸር ነው፣ ከዛ ሚጡ ታየችኝ። በፈረንጆቹ 1993 የመጀመሪያው ከመፈቀዱ በፊት የበሽታውን አካሄድ እንዲቀይር የተፈቀደ መድኃኒት አልነበረም፣ ዛሬ ብዙ ዓይነት አለ፣ ቶሎ ከተጀመረ ይጠቅማል፣ ብዙ ሰው እየሠራ ልጁን እያሳደገ ይኖራል። ይሄን ለራሴ ሌሊት ሌሊት እደግመዋለሁ።

አሁን ወደመጣሁበት ልግባ። ሐኪሟ በቤተሰብሽ እንዲህ ያለ በሽታ አለ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ የለም ልላት ስል ያ አይንሽ ትዝ አለኝ። ወንድሜ ተወልዶ ጥቂት ወራት ሳይሆነው ነው መሰለኝ፣ መጋረጃ ተዘግቶ ትተኚ ነበር፣ አይንሽን ስታንቀሳቅሺ ያምሽ ነበር፣ አንድ ቀን ክር አሳይተሽኝ ይሄ ቀይ ነው ወይስ ቡኒ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ደማቅ ቀይ ነበር እማዬ። የአይን ነርቭ ሲቆጣ መጀመሪያ ከሚደበዝዙት ቀለሞች አንዱ ቀይ ነው አለች ሐኪሟ፣ ኤምኤስ ብዙ ጊዜ በዛ ይጀምራል፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራትም ይነሳል።

ያኔ አክስቴ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ። እናትሽን አስለቅሰሽ አስለቅሰሽ አይኗን አጠፋሽው ነው ያለችኝ። አንቺ እዛው አልጋው ላይ ነበርሽ፣ ሰምተሻል፣ ወደ ግድግዳው ዞርሽ እንጂ ተይ ልጄን አላልሻትም። አይንሽ ሲሻልሽም ማንም ጠርቶ ያንቺ ጥፋት አይደለም አላለኝም፣ አባዬም ይሄ ነገር ከቤት እንዳይወጣ ብሎ ዘጋው፣ እኔም ትንሽ ልጅ ሆኜ ይዤው አደግኩ። እስከ ዛሬ አንቺ ስታለቅሺ ስልኩን ቶሎ የምዘጋው ለዚህ ነው። በሌላው ሁሉ አመሰግንሻለሁ፣ ራስሽን ጎድተሽ ነው ያሳደግሽን። በዚህ ግን እወቅስሻለሁ።

አንቺ ነሽ ያስተላለፍሽብኝ እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ይሄ በሽታ በቀጥታ አይወረስም፣ እናቱ ኤምኤስ ካለባት ልጅ እንኳን የሚይዘው ከ100 ከ2 እስከ 3 የሚሆነውን ነው፣ ያንቺም አይን በሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ብቻ የትኛው አይንሽ እንደነበር፣ ስንት ጊዜ እንደቆየብሽ፣ ከዛ በኋላ እግርሽ ደንዝዞ ወይ አዙሮሽ ያውቅ እንደሆነ ሳትደብቂ ንገሪኝ። የጉልበትሽ ነገርም በእርጅና ብቻ እንደሆነ እርግጠኛ ነሽ? የነርቭ ሐኪም ይይሽ፣ ወንድሜ ይወስድሻል። ቁምሳጥኑ ላይ ካለው ሻንጣ ውስጥ የሐኪም ወረቀት ነበረሽ፣ ወንድሜ አውርዶ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ፣ አንቺ ወንበር ላይ እንዳትወጪ።

የጀርባው ፈሳሽ ማክሰኞ ነው፣ ከዛ በፊት ደውይልኝ። ከምርመራው በኋላ ራስ ምታት ስላለው ልተኛ እችላለሁ፣ ካላነሳሁ ለባለቤቴ ንገሪው፣ እሱ ሁሉንም ያውቃል። ልጆቹ ግን ገና አልሰሙም፣ ተረቱን ስትቀጂ እንዳታለቅሺባቸው አደራ።

ልጅሽ