የፕሮግራሚንግ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ፀሐዩ ‘ፀ’ እና ጸሎቱ ‘ጸ’

ክበባችን በዚህ ዓመት አንድም ጌም አልሠራም። ይህን ከወዲሁ የምናገረው «ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ምን ሲሠሩ ከረሙ?» የሚለው ጥያቄ በመምህራን ክፍል ሳይቀር በተደጋጋሚ ስለቀረበልኝ ነው። የሠራነው በጽሑፍ ላይ፣ ፕሮግራመሮች ስትሪንግ በሚሉት የፊደላት ሰንሰለት ላይ ነው። ስም መፈለግ፣ ቃል መቁረጥና ዐረፍተ ነገር መከፋፈል ያልቻለ ጀማሪ ለሰው የሚረባ ፕሮግራም ይሠራል ብዬ ስለማላምን ምርጫው የእኔ ነው፤ ወቀሳም ካለ ለእኔ ይሁን።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ስብሰባዎች እንደተለመደው አለፉ። የምንጠቀምበት የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ፣ ፓይተን፣ ቆጠራውን ከ0 ስለሚጀምር «ሰላም» ከሚለው ቃል ቁጥር 1ን የጠየቀ ሁሉ ‘ላ’ን አገኘ፤ 5ን እና 3ን ከተጠቃሚ ተቀብለው ሲደምሩ 53 የወጣላቸውም በቁልፍ ሰሌዳ የገባ ነገር ቁጥር ቢመስልም ጽሑፍ መሆኑን ተረዱ።

ላወሳው የምፈልገው በወላጆች ቀን የሆነውን ነው። አንዲት ዝምተኛ የዘጠነኛ ክፍል አባላችን በተማሪዎች ዝርዝር ውስጥ ስም የሚፈልግ ፕሮግራም አዘጋጅታ ነበር። የመጀመሪያው ሞካሪ አባቷ ሆኑ፤ ፊደሎቹን በአንድ ጣት እየለቀሙ የልጃቸውን ስም ጻፉና ጠበቁ። ፕሮግራሙ «የለም» አላቸው። እርሳቸው የጻፉት በፀሐዩ ‘ፀ’ ሲሆን በዝርዝሩ ላይ ያለው ግን በጸሎቱ ‘ጸ’ ነበር፤ ለጆሮ አንድ የሆኑት ፊደላት እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር ለሚያውቀው ኮምፒውተር አንዱ 4928፣ ሌላው 4920 ናቸው። «ስሙን ያወጣሁት እኔ ሆኜ እኔኑ ይክደኝ?» ብለው ሣቁ። ልጅቷ ግን አልሣቀችም።

በማግስቱ ጠዋት ከደወል በፊት ደብተሯን ይዛ መጣች። ሐመሩን ‘ሐ’ እና ብዙኃኑን ‘ኀ’ ወደ ሃሌታው ‘ሀ’፣ ንጉሡን ‘ሠ’ ወደ እሳቱ ‘ሰ’፣ ዓይኑን ‘ዐ’ ወደ አልፋው ‘አ’፣ ፀሐዩን ‘ፀ’ ወደ ጸሎቱ ‘ጸ’ የሚመልሱ፣ ለእያንዳንዱ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት፣ በድምሩ 35 መስመሮች ጽፋለች። ስናስኬደው ምንም አልተለወጠም። ስትሪንግ አንዴ ከተፈጠረ ስለማይለወጥ የመተኪያው ትእዛዝ አዲስ ስትሪንግ ይሰጣል እንጂ የነበረውን አይነካም፤ እርሷ ደግሞ አዲሱን የትም አላስቀመጠችውም። ይህን ካረመች በኋላ ነው የቁጥሮቹን ሰንጠረዥ ስትመረምር የቆየችው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው መዝገብ፣ በዩኒኮድ 3.0፣ ሲመዘገብ ዘሮቹ በስምንት ስምንት ቦታ ስለተደረደሩ፣ በ‘ፀ’ እና በ‘ጸ’ መካከል ያለው ልዩነት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያው 8 ነው፤ በ‘ሠ’ እና በ‘ሰ’ መካከል 16፣ በ‘ዐ’ እና በ‘አ’ መካከል 48። 35ቱ መስመሮች ወደ 5 የመደመርና የመቀነስ ሕጎች ወረዱ። እኔ አላሳየኋትም፤ እንዲያውም ቀድሜ አላየሁትም ነበር።

ዝርዝሩን ራሱን አስተካክለን እንገላገል ብዬ ሐሳብ ባቀርብ አልተቀበለችኝም። «የሰው ስም ቤተሰቡ እንደጻፈው ይቆይ፤ እኛ የምናስተያየው ቅጂውን ነው» አለችኝ። ስትሪንግ የማይለወጥበትን ምክንያት ከዚህ በተሻለ አስረድቼ አላውቅም።

ያልተሳካልንም አለ። ‘ሀ’ እና ‘ሃ’፣ ‘አ’ እና ‘ኣ’ እስካሁን እንደተለያዩ ናቸው፤ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመትም አባላት ቀንሰውብናል። ለሦስት ልጆች አንድ ኮምፒውተር ሲደርስ ሦስተኛው ተመልካች ነው፤ ተመልካች ደግሞ ብዙ አይቆይም። ለጥገና ያስገባነው ደብዳቤ አሁንም መልስ እየጠበቀ ነው። የጽሑፍ ሥራ ኃይለኛ ማሽን ስለማይፈልግ፣ ከአገልግሎት የወጣ ግን የሚነሣ ኮምፒውተር በቤታችሁ ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ ካለ ይበቃናል። አባትየው ተመልሰው እንዲሞክሩት ጋብዘናቸዋል፤ ያን ቀን የተጠቀሙበት ኮምፒውተር ግን ከተበላሹት ሁለቱ አንዱ ነው።