የተፈጥሮ ክበብ ዘገባ፦ የጣሪያው እርግቦች

ክበባችን ዘንድሮ ችግኝ ተክሏል። የችግኞቹን ነገር ሄዶ ማየት ይቻላል፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ናቸው። ልጆቹ ዓመቱን ሲያነሱ የሚያወሩት ግን ስለ እርግቦቹ ነው።

ጥር ላይ የአንድ ክፍል ቆርቆሮ ሲቀየር ከኮርኒሱ ላይ ጎጆ ወረደ። ሁለት ጫጩቶች አሉበት፤ ዓይናቸው ገና መገለጡ ነው። ወላጆቹ በአገራችንና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚገኙት፣ ማጅራታቸው ነጭ የሆነው እርግቦች ናቸው። ጎጆውን በካርቶን አድርገን እዚያው አጠገብ ሰቀልነው። የሰው እጅ የነካውን ጫጩት እናቱ ትተወዋለች የሚባለው እውነት አይደለም፤ ከወላጅ የተሻለ አሳዳጊም የለም። እስኪመሽ ጠበቅን። አልመጡም።

የዶሮ ጫጩት በተፈለፈለ ማግስት ራሱ ይለቅማል። የእርግብ ጫጩት አይችልም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያድገው እናትም አባትም ከአንገታቸው ሥር ባለው የምግብ ከረጢት በሚያመነጩት፣ አይብ በሚመስል ምግብ ነው። የላም ወተት ምትክ አይሆነውም፤ ይጎዳዋል። ስለዚህ ልጆቹ ያመጡትን ወተትና ዳቦ መልሰን የዶሮ ጫጩት መኖ በለብ ያለ ውሃ በጠበጥን።

አበላሉ ላይ ብዙ ተነጋገርን። ወላጅ አያጎርስም፤ ጫጩቱ ነው ምንቃሩን ወላጁ አፍ ውስጥ የሚከተው። የትልቅ ሲሪንጅ ጫፍ ቆርጠን፣ በፊኛ ላስቲክ ሸፍነን፣ መሐሉን ትንሽ ቀደድነው። ጫጩቱ ምንቃሩን ከትቶ ራሱ ይጎትታል። በግድ ማንቆርቆር ግን ፈሳሹን ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል።

አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳታበላ በፊት የጫጩቱን የምግብ ከረጢት በሁለት ጣቷ ትዳስሳለች። «ገና ነው ቲቸር፣ አልወረደለትም» ትለኛለች። ልክ ናት፤ በፊተኛው ላይ ከተጨመረ ምግቡ ውስጥ ይበላሻል። ትዕግሥቷን በጣም አደንቃለሁ።

ትንሿ ጫጩት ሞተችብን። ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለን ብናስቀምጥም የጥር ሌሊት በረታባት። የበረደው ጫጩት የበላውን አይፈጭም። ልጆቹ አለቀሱ፤ እኔም ከፋኝ።

ሌላኛው ላባ አወጣ። የተዘፈዘፈ አተር፣ ቆይቶም ስንዴና ማሽላ ለመደ። ውሃ ሲጠጣ እንደ ዶሮ ቀና አይልም፤ ምንቃሩን ነክሮ ይስባል። ይህን ለማየት ዕረፍት ላይ የሚሰለፈው ልጅ ብዛት! መብረር ሲችል ከጣሪያው መንጋ ጋር ተቀላቀለ።

በክረምቱ የሌሎቹ ክፍሎች ጣሪያ ይታደሳል። ቆርቆሮው ከመነሳቱ በፊት ኮርኒሱን ከሠራተኞቹ ጋር እንድናይ አስተዳደሩን ጠይቀን ተፈቅዶልናል። ጎጆ ከተገኘ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ያ ክፍል ወደ መጨረሻ ይገፋል።