ለጎልማሳ ተማሪ አንድ ዲፓርትመንት አይበቃውም

የተከበሩ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። 22 ዓመት በግብርና ባለሙያነት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን በማናና በጎማ ወረዳ ቀበሌዎች፣ ቡና ውስጥ። ዕድሜዬ 46 ነው። ዲፕሎማ አለኝ። ዲግሪ ለመማር ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከሬጅስትራር መስኮት ተመልሻለሁ። ለምን እንደተመለስኩ ልንገርዎ፤ ብዙ የሥራ ባልደረቦቼም ያሉበት ነገር ነው።

መነሻዬ አንድ አባት ናቸው። ከጅማ ወደ አጋሮ ሲሄዱ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ የቡና ማሳ አላቸው። ቡናው አርጅቷል። ፍሬ የሚታየው ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። እኔም የተማርኩትን ነገርኳቸው፤ ጉንደላ። ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መቁረጥ፣ ውሃ እንዳያቁር ሰያፍ አድርጎ፣ በኋላም ከሚያቆጠቁጠው ጠንካራ ጠንካራውን መርጦ ሌላውን ማንሳት። መጋዙን ይዤ አንዱን ግንድ ቆርጬ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። የወደቀውን ግንድ አንስተው ገለባበጡትና፣ "ልጄ፣ ይሄ እስኪያፈራ ስንት ዓመት ነው?" አሉኝ።

"ሁለት፣ ሦስት ዓመት" አልኳቸው።

"እስከዚያ ልጆቼ ምን ይብሉ?"

መልስ አልነበረኝም። ቁጭ ብለን ስናወራ ደግሞ ነገሩ እየሰፋ ሄደ። የመሬቱ ደብተር ገና በሟች አባታቸው ስም ነው፤ ከወንድማቸው ጋር በውርስ ይከራከራሉ። በዚህ የተነሳ ብድር አላገኙም። ልጃቸው ታሞባቸው ስለነበር የዘንድሮውን ቡና ገና በአበባው ለነጋዴ ሸጠውታል። የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ናቸው፤ ትርፉ እንዴት እንደሚከፋፈል ግን አያውቁም። እኔም አላውቅም ነበር። ከማሳው ጥግ ላይ ጫት መትከል ጀምረዋል፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣላ።

ይሄ የማን ችግር ነው? የሰብል ባለሙያው? የሕግ ባለሙያው? የሂሳብ ሠራተኛው? የጤና ጣቢያው? እሳቸው ጋ አንድ ችግር ነው። ቆራርጠን ለየመሥሪያ ቤቱ ያከፋፈልነው እኛ ነን።

ልማር ብዬ የተነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው። የሄድኩበትን ተቋም ስም መጥራት አያስፈልግም፤ መስኮቱ ላይ የነበረው ልጅም ትሁት ነበር። "ፕላንት ሳይንስ ነው ወይስ አካውንቲንግ? አንዱን ይምረጡ" አለኝ። ፕላንት ሳይንስ እየተማርኩ ከኅብረት ሥራና ከሕግ ሁለት ሁለት ኮርስ ልውሰድ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ካታሎጉ ላይ እንደሌለ ነገረኝ። በሁለተኛው ጊዜ አንዱን መርጬ ሄድኩ፤ ተማሪ ስላልሞላ የቅዳሜና እሑዱ ክፍል አልተከፈተም ተባልኩ። ሂሳብ የሚማሩ፣ ግብርና የሚማሩ፣ ማኔጅመንት የሚማሩ ጥቂት ጥቂት ሰዎች በየበራቸው ቆመው ነበር። አንድ ላይ ቢደመሩ አንድ ክፍል በደንብ ይሞሉ ነበር።

የሚያሳዝነኝ ደግሞ ይሄ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ወጣት የመጀመሪያውን ዓመት ሎጂክ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስ፣ አንትሮፖሎጂ እየቀማመሰ ነው የሚያሳልፈው። ጥሩ ነው፤ ይቀጥል። ግን የ19 ዓመት ልጅ ገና ምን እንደሚያያይዝበት አያውቅም። የሚያያይዘው ነገር በእጁ ያለው ጎልማሳው ነው። እሱ ግን ማታ ደክሞት መጥቶ የሚያገኘው ለዚያው ወጣት የተዘጋጀውን ሃንድአውት ነው። እናቴ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እኔን አዝላ ነው ስሟን መጻፍ የተማረችው። እስካሁን የምታስታውሰው ግን ፊደሉን ብቻ አይደለም። ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ሕፃን አያያዝ ያወሩትን ነው የምትነግረኝ። ለአዋቂ ሰው ትምህርት እንደዚህ ተሰናስሎ ነው የሚገባው።

ጅማ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። በዚህ አካባቢ ደረሳ፣ ማለትም የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ ዕድሜው አይጠየቅም። ባለትዳርም ቁርአን ይቀራል፤ ነጋዴም ይቀራል። ፈራኢድ የሚቀራ ሰው የውርስን ሕግና የክፍልፋይ ሂሳብን አንድ ላይ ይማራል፤ ሕጉ ያለ ሂሳቡ ምን ይሠራለታል? በቤተ ክርስቲያንም ባሕረ ሐሳብ የሚማር ሰው ቁጥርን፣ የጨረቃንና የፀሐይን ዑደት፣ የበዓላትንም ሥርዓት ባንድ ቁጭታ ነው የሚማረው።

ዩኒቨርሲቲያችንስ ቢሆን? ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው ሁለት ቤቶች ተጋብተው ነው። አንዱ በ1940ዎቹ የተጀመረው የግብርና ትምህርት ቤት፣ ሌላው በ1970ዎቹ የተከፈተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት። ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርትም መለያው ነው። የሕክምናው፣ የነርሱ፣ የፋርማሲው፣ የላቦራቶሪው ተማሪ በአንድ ቡድን ጤና ጣቢያ ወርዶ ለሳምንታት አብሮ ይሠራል። እነዚህን ልጆች አጋሮ ላይ አግኝቻቸው አውቃለሁ። ስለ አንድ የውሃ ምንጭ አራቱም ሲከራከሩ ሰምቼ፣ ምነው እኛንም እንዲህ ባስተማሩን ብያለሁ።

ጉዳዩ ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ነው ያለው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ላይ የጊልጌል ጊቤ ግድብ አለ፤ በ1996 ዓ.ም. ነው ኃይል ማመንጨት የጀመረው። ውሃው ሲተኛ መሬታቸውን ለቀው የሄዱ ገበሬዎች አሉ። ከተፋሰሱ ታጥቦ የሚመጣ አፈር ይገባበታል። በሐይቁ ዳር ስላለው ወባም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጥንተዋል። እዚያ የሚሠሩ የመስኖ ባለሙያ፣ ነርስና መምህር አንድ ክፍል ገብተው ስለዚህ አንድ ግድብ አንድ ሴሚስተር ቢማሩ ምን ያህል ይጠቅም ነበር!

በሌላ አገር ይሄ ከተጀመረ ቆይቷል። በእንግሊዝ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። የሥራ ሰዎችን በርቀት ያስተምራል፤ ከተለያየ መስክ የተውጣጡ ኮርሶችን አደባልቆ ዲግሪ መያዝም ይቻልበታል።

እውነቱን ለመናገር ግን የእኛ ማነቆ ዩኒቨርሲቲው ብቻ አይደለም። ትልቁ "ተዛማጅ" የምትለው ቃል ናት። የሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ የትምህርት መስኮች ይዘረዘራሉ። የእርስዎ ዲግሪ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ፣ ውስጡ ምንም ይሁን ምን አይዛመድም ተብሎ ይመለሳል። ደረጃ ዕድገትም እንደዚያው። ስለዚህ ሰው የሚጠቅመውን ሳይሆን የሚያዛምደውን ይማራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ፈተናው የሚዘጋጀው በየትምህርት መስኩ ነው። ፈተናውን አልቃወምም። ግን ቅልቅል ትምህርት የተማረ ጎልማሳ በምን ይፈተን? እኔ ብሆን በሥራ ቦታው ያለ አንድ ችግር አጥንቶ ከሁለት ሦስት መስክ በመጡ መምህራን ፊት እንዲከላከል አደርግ ነበር። በቴክኒክና ሙያው በኩል፣ በሥራ የለመደ ግንበኛ ተመዝኖ የሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ) ወረቀቱን ያገኛል። 22 ዓመት ቡና ውስጥ የኖረ ሰው ስለ ቡና ያወቀው ለአንድ ኮርስ እንኳ የማይቆጠረው ለምንድን ነው?

ይህን ሳነሳ ጓደኞቼ "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም" ይሉኛል። ተረቱ ልክ ነው፤ ጥልቀት የሚፈልግ ሥራ አለ። ቀዶ ሐኪሙ ጠልቆ ይማር። የእኔ ሥራ ግን ዛፍ መውጣት አይደለም። ቡናውንም፣ ከላይ ያጠላበትን ዋንዛና ብሳናም፣ ከሥሩ የቆመውንም ሰው አብሮ ማየት ነው።

እስከዚያው እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ስድስት ሆነን በየ15 ቀኑ እሑድ ከሰዓት እዚሁ ጅማ፣ ኮቺ ሰፈር እንገናኛለን። አንዲት ነርስ፣ የባዮሎጂ መምህር፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ወፍጮ ቤት ያላት ነጋዴ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሂሳብ ሠራተኛና እኔ። ቦታው የነርሷ ቤት ነው። አንድ ቀን የሂሳብ ሠራተኛው የኦዲት ሪፖርት አምጥቶ በርጩማ ላይ ዘረጋውና ትርፉ ለአባል የሚደርሰው ባለው ዕጣ (የአባልነት ድርሻ)ና ባስረከበው ቡና ልክ መሆኑን በጣቱ እያሳየ አስረዳን። በ22 ዓመቴ ገና መስማቴ ነበር። በሳምንቱ እኚያ አባት ጋ ሄድኩ። በፌስታል አስረው ያስቀመጧቸውን የማስረከቢያ ደረሰኞች አንድ በአንድ ደመርን። ማሳውን ለሦስት ከፍለው በየዓመቱ ሲሶውን እንዲጎነድሉም ተስማማን። ያን ለማለት ቀድሞም እችል ነበር፤ ስለ ሄክታር ዕቅዴ እንጂ ስለ ቤታቸው ወጪ አላሰብኩም ነበር። የመጀመሪያው ሲሶ አሁን አቆጥቁጧል።

ቀጥሎ የምናነበው የገጠር መሬት ሕጉን ነው፤ ስለ ውርስ የሚለውን ክፍል። የሚያስረዳን የሕግ መምህር ገና አላገኘንም። ይህን የሚያነብ የዩኒቨርሲቲ መምህር ካለና አንድ እሑድ ከሰዓት ቢመጣልን፣ ቡናው ተፈልቶ ይጠብቀዋል።

አክባሪዎ፣
አንድ የግብርና ባለሙያ፣ ከጅማ